የድሮ ቫኪዩም ክሊነር ሲሰበስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጀማሪ ሰብሳቢ አሮጌ ቫኪዩም ክሊነር ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያምረው ነገር ሶኬት ላይ ሰክቶ ማየት ነው። የማወራው ወለል ላይ ስለሚጎተተው፣ ረጅም ቱቦ ስላለው ዓይነት ነው። ጥሩ ጥሩ ማሽኖች የተበላሹት በዚህ ችኮላ ነው። ማሽኑ ማንነቱን የሚናገርባቸው ምልክቶች አሉት፤ እነሱን ማንበብ ይቀድማል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሳያዩ መሰካት

ከገመዱ ጀምሩ። የድሮ ገመድ ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ጎማ ነው። ጎማ ደግሞ በዕድሜ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለት ቦታ ላይ ቀስ አድርጋችሁ እጠፉት፦ ሶኬት መሰኪያው አጠገብ እና ገመዱ ወደ ማሽኑ አካል የሚገባበት። መሐሉ ደህና መስሎ እዚያ ጋ መዳቡ ወጥቶ ይገኛል። እንዲህ ከሆነ ገመዱ ሳይቀየር ኤሌክትሪክ አይንካው።

ቀጥሎ ሆዱ ሥር ወይም ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሰሌዳ ፈልጉ። ቮልቱ፣ አምፔሩ፣ ሞዴሉና የመለያ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተው «ኤሲ/ዲሲ» የሚለው ጽሑፍ ነው። ሞተሩ በሁለቱም ዓይነት ኤሌክትሪክ ይሠራል ማለት ነው እንጂ ማንኛውንም ቮልት ይችላል ማለት አይደለም። ከአሜሪካ የመጣ፣ 115 ቮልት የተጻፈበት ማሽን አዲስ አበባ 220 ላይ ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ለቤተሰብ የሚልክ ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው። የትራንስፎርመሩን መጠን ለማወቅ ቮልቱን በአምፔሩ አባዙ። 115 ቮልት እና 5 አምፔር ከሆነ 575 ዋት ይመጣል፤ ሞተር ሲነሳ የበለጠ ስለሚስብ ከዚያ በደንብ የሚበልጥ ግዙ። የተገላቢጦሹም ያታልላል። የአውሮፓ 220 ማሽን አሜሪካ ውስጥ ሲሰካ እያቃሰተ ይዞራል፤ ሰውም «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ይጥለዋል። ሞተሩ ግን ምንም አልሆነ።

የፓተንት ዓመትን እንደ ልደት ቀን መቁጠር

ሰሌዳው ላይ የፓተንት (የፈጠራ መብት ምዝገባ) ዓመት ወይም ቁጥር ካለ ማሽኑ ከዚያ በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። አምራቾች ያንኑ ፓተንት ለዓመታት ይጠቀሙበት ነበር።

ሞዴሉን አውቆ ዓመቱንም ያወቁ መምሰል

ምሳሌው ኤሌክትሮሉክስ የሚባለው የቫኪዩም አምራች አሜሪካ ውስጥ የሠራው ሞዴል 30 ነው፤ ሰሌዳው ላይ በሮማውያን ቁጥር ሦስት ኤክስ ተጽፎበታል። ቅርጹን የነደፈው ሉሬል ጊልድ ነው። ረጅምና ለስላሳ ሆኖ በበረዶ መንሸራተቻ በሚመስሉ ሁለት ብረቶች ላይ ይሄዳል። እኔ ከዚህ የሚያምር የቤት ዕቃ ብዙም አላየሁም። ገበያ የወጣው በ1937 ነው፤ ምርቱ ደግሞ እስከ 1950ዎቹ ቀጥሏል። ስለዚህ ሻጭ «የ1937 ነው» ሲላችሁ የሞዴሉን መውጫ ዓመት እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። በ1942 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ውስጥ ለቤት የሚሆን ቫኪዩም ማምረት ቆሞ ነበር። ከጦርነቱ በፊት የተሠራውና በኋላ የተሠራው ከሩቅ ሲታዩ አንድ ናቸው። የመለያ ቁጥሩን ፎቶ አንሡና ሌሎች ሰብሳቢዎች ከያዟቸው ጋር አስተያዩ።

ኤሌክትሮሉክስ ሁሉ የስዊድን ነው ማለት

ድርጅቱ የተመሠረተው ስዊድን ነው፤ የሚጎተተውን ሞዴል 5 ያወጣውም በ1921 ነው። የአሜሪካው ኩባንያ ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ተሸጦ፣ ስሙን እንደያዘ በራሱ መንገድ ሄደ። የስዊድኑ ድርጅት በ1974 ዩሬካ የተባለውን የአሜሪካ ቫኪዩም አምራች ገዝቶ አሜሪካ ውስጥ በዚያ ስም ሲሸጥ ቆየ። ስሙ ወደ ስዊድኖቹ የተመለሰው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የአሜሪካው ኩባንያም ኤረስ ተባለ። ይህ ተራ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ለአንዱ አገር ማሽን የገዛችሁት ከረጢት ወይም ቱቦ ለሌላው ላይገጥም ይችላል። ሰሌዳው ላይ ኮነቲከት ያለችው ኦልድ ግሪንዊች ከተጻፈ የአሜሪካው ነው።

«የሚሽከረከርበት ጎማ ጠፍቷል» ብሎ ማዘን

ሄንሪ ድራይፈስ የነደፈው፣ ሁቨር የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኮንስቴሌሽን ክብ ኳስ ነው። የ1950ዎቹ አጋማሽ ሥራ ነው። የሚታወቅበት ነገር ከሥሩ በሚያስወጣው አየር ከወለሉ ከፍ ብሎ መንሳፈፉ ነው። ስለዚህ ጎማ አትፈልጉለት። ለስላሳ ወለል ላይ ሞክሩት። ሁቨር ይህንኑ ቅርጽ በ2000ዎቹ እንደገና አውጥቶታል፤ በድሮ ዋጋ አዲሱን እንዳትገዙ ሰሌዳውን እዩ።

እስኪያብረቀርቅ መፈተግ

እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። አሉሚኒየም በኮስቲክ ሶዳ ወይም በምድጃ ማጽጃ ሲታጠብ ይጠቁራል። የድስት ማጠቢያ ሽቦ የማይጠፋ ጭረት ይተውበታል። ሰሌዳውን በብርጭቆ ወረቀት የፈተገ ሰው ደግሞ የማሽኑን መታወቂያ አጠፋ ማለት ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል፤ ሞተሩ ጋ ውኃ አይድረስ። ውስጡ የቀረውን የጨርቅ ከረጢት ቤት ውስጥ አታራግፉት። የድሮ ቤት አቧራ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ሊኖርበት ይችላል። ውጭ፣ ማስክ አድርጋችሁ።

አካሉን ገዝቶ ቱቦውን በኋላ መፈለግ

አካሉ ብረት ስለሆነ ይቆያል። ቱቦው ግን ይደርቃል፣ ይቀደዳል፣ ይጣላል። ጫፉ ለዚያ ሞዴል ብቻ የተሠራ ከሆነ ምትኩን ማግኘት ከማሽኑ በላይ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ገመዱንና ቮልቱን ካረጋገጣችሁ በኋላ አስነሡትና የቱቦውን አፍ በመዳፋችሁ ድፈኑት። የሞተሩ ድምፅ ከቀጠነ ቱቦው ደህና ነው። ካልቀጠነ ቱቦውን ነቅላችሁ የማሽኑን የራሱን አፍ ድፈኑ። አሁን ከቀጠነ የሚያፈስሰው ቱቦው ነው። ሻጩ «ቱቦው ቤት ውስጥ የሆነ ቦታ አለ» ካላችሁ ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ያምጣው።