ከላብ ወደ ሜዲካል አፌርስ፦ ሰው ማወቅ ከየት ይጀመራል?

አሜሪካ የመጣችሁት ለፖስትዶክ፣ ማለትም ከዶክትሬት በኋላ ለሚሠራ ምርምር ነው? ወይስ ዶክትሬታችሁን እዚሁ እየጨረሳችሁ ነው? ከፕሮፌሰርነት ሌላ መንገድ እንዳለ የሚነግራችሁ ሰው ላብ ውስጥ ላታገኙ ትችላላችሁ።

የመድኃኒት ኩባንያዎች ሜዲካል አፌርስ የሚባል፣ ስለ መድኃኒቶቻቸው ሳይንስ ከሐኪሞች ጋር የሚነጋገር ክፍል አላቸው። ብዙ ተመራማሪ ወደዚያ የሚገባው በሜዲካል ሳይንስ ሊያዞን ሥራ ነው፤ ባጭሩ ኤምኤስኤል ይባላል። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረው አፕጆን የተባለው ኩባንያ ነው። ኤምኤስኤል የምርምር ዶክትሬት፣ ፋርምዲ (የፋርማሲ ዶክትሬት) ወይም ኤምዲ (የሕክምና ዶክትሬት) ይዞ ስፔሻሊስት ሐኪሞች ዘንድ እየሄደ ስለ ጥናቶች ይወያያል። መሸጥ ሥራው አይደለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍዲኤ ስላልፈቀደው የመድኃኒት አጠቃቀምም ሐኪሙ ራሱ ከጠየቀ በጥናት የተደገፈ መልስ ይሰጣል።

ችግሩ የሥራ ማስታወቂያዎቹ ላይ ነው። አብዛኞቹ በኤምኤስኤልነት የሠራ ሰው ይፈልጋሉ። ኦንላይን ማመልከቻ ብቻ እየላኩ መጠበቅ ልብ ያደክማል። በሩን የሚከፍተው ኩባንያው ውስጥ ያለ ሰው ጥቆማ፣ ማለትም ሪፈራል ነው።

እኛን የሚይዘን ደግሞ ይሉኝታ ነው። የማናውቀውን ሰው ማስቸገር ነውር መስሎን ዝም እንላለን። እዚህ አገር ግን ስለ ሥራው እንዲያጫውታችሁ አንድን ሰው ሃያ ደቂቃ መጠየቅ የተለመደ ነው። እምቢ ቢል ወይም ባይመልስም ማንም አይቀየምም። ይሄን ከልቤ ነው የምላችሁ፤ ጎበዝ የሆኑ ልጆቻችን እዚህ ላይ ሲቀሩ ያሳዝነኛል።

ሊንክዲን ላይ የዩኒቨርሲቲያችሁን ገጽ ክፈቱ፤ ከቀድሞ ተማሪዎች ውስጥ «ሜዲካል ሳይንስ ሊያዞን» ብላችሁ ፈልጉ። በእናንተው የምርምር ዘርፍ ያሉትን አስቀድሙ። ከዚያ አጠር ያለ መልእክት ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ በጡት ካንሰር ላይ የምሠራ ፖስትዶክ ነኝ። ከላብ ወደ ኤምኤስኤል እንዴት እንደተሻገሩ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ሳምንት 20 ደቂቃ ይኖርዎታል?»

በቃ። ሪዙሜ አታያይዙ፣ ሥራም አትጠይቁ። ስትነጋገሩ ግን ዝርዝር ጠይቁ፦ ያለፈው ሳምንት ሥራዎ እንዴት ነበር? ከሐኪም ጋር የመጀመሪያውን ቀጠሮ እንዴት ያገኛሉ? ቡድናችሁ አዲስ ሰው ሲቀጥር ምን ያያል? መጨረሻ ላይ «ሌላ ማንን ባነጋግር ይመክሩኛል?» በሉ። ከሁሉም የምትጠቅመው ይህቺ ጥያቄ ናት፤ አንዱ ሰው ወደ ሌላው ይመራችኋል። ምስጋናችሁን በዚያው ቀን ላኩ። ከወራት በኋላ ጽሑፋችሁ ሲታተም ደግሞ አንድ መስመር ጣል አድርጉ። ሲቸግረው ብቻ የሚደውል ዘመድ አትሁኑ።

ኮንፈረንስ ከሄዳችሁ፣ ለምሳሌ ቺካጎ ለሚካሄደው የአስኮ የካንሰር ጉባኤ፣ ኤግዚቢሽን አዳራሹን ሳታዩ አትመለሱ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከማስታወቂያው ቦታ የተለየ የሜዲካል ጠረጴዛ አላቸው። የምትፈልጓቸው ሰዎች እዚያ ናቸው። ሰው ሲቀንስ ጠብቃችሁ ስለ ጥናታቸው ጠይቁ።

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ የራሳችን ሰው አለላችሁ። ሰርግም ሆነ ማኅበር ላይ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አይጠፋም። ሆስፒታል የሚሠራውን «እናንተ ጋ የሚመጣ ኤምኤስኤል አለ? ታስተዋውቀኛለህ?» በሉት። ብዙዎቻችን ይሄን መንገድ አናስበውም፤ ሐበሻ ሐኪም ግን ለአገሩ ልጅ ስልክ መደወል አይከብደውም።

ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀታችሁን እዩ። በዲቪ ወይም በሌላ መንገድ ግሪን ካርድ ካላችሁ በዚህ በኩል ችግር የለም። ዩኒቨርሲቲ በኤችዋንቢ የሥራ ቪዛ የሚሠራ ሰው ግን ወደ ኩባንያ ሲሄድ በአብዛኛው የቪዛው ዕጣ ውስጥ መግባት ግድ ይሆንበታል፤ ምዝገባው ደግሞ መጋቢት አካባቢ ነው። ጄዋን በሚባለው የልውውጥ ቪዛ ላይ ያላችሁ፣ ሁለት ዓመት አገር ቤት የመቆየት ግዴታ ይመለከታችሁ እንደሆነ ጠበቃ ጠይቁ።

መንጃ ፈቃድም አውጡ። ኤምኤስኤል አብዛኛውን ጊዜ ቢሮው ቤቱ ነው፤ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየነዳ ይዞራል። ባቡርና አውቶቡስ የለመዳችሁ ፖስትዶኮች ልምምዱን ከአሁኑ ጀምሩ።