ለኦፕራሲዮን የራስዎን ደም ሲያስቀምጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀጠሮ ለተያዘለት ኦፕራሲዮን፣ አገልግሎቱ ባለበት ሆስፒታል፣ ታካሚው ደሙን አስቀድሞ ሰጥቶ ለራሱ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ ለሚመላለስ ሰው ግን ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ቀን ቆጠራ ላይ ነው።

ቀን ሳይቆጥሩ መስጠት። 450 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ከረጢት ሲፒዲኤ-1 በተባለው ማቆያ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 35 ቀን ይቆያል። ሁለት ከረጢት ከተፈለገ በመካከሉ አንድ ሳምንት ይለፍ። የመጨረሻው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ቢያንስ 72 ሰዓት ሲቀረው ይሰጥ፤ ለሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ቢዘገይ ሐሙስ መስጠት ማለት ነው። ቀጠሮው በተገፋ ዕለት ለደም ባንኩ ይንገሩ። 35ኛው ቀን ካለፈ ደሙ ይጣላል፣ እርስዎም የደም ማነስ ብቻ ይተርፍዎታል።

11ን እንደ ማለፊያ ውጤት መቁጠር። ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ አይቀዳም። ግን የአዲስ አበባ ዙሪያ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ የጤነኛው ሰው ሄሞግሎቢን እዚህ ከቆላው ከፍ ይላል። ስለዚህ ሱሉልታ ላይ 11 የሆነ ሰው ቁጥሩ ከሚለው በላይ ደሙ አንሷል። እኛ ብንሆን ከመቅዳታችን በፊት ምክንያቱን እንፈልጋለን።

አይረን ኪኒንን ከቡና ጋር መውሰድ። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም አይረን ይዞ ይወጣል። ቡናና ሻይ ኪኒኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዱታል፤ ከአቦልም ከበረካም ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቀው በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይውሰዱት። በሑዳዴ ሥጋ ስለማይበላ ኪኒኑን ከመስጠትዎ ሳምንታት ቀድመው ይጀምሩ። ሰገራ ቢጠቁር አይደንግጡ።

የጥርስ እባጭ ወይም ትኩሳት እያለ መስጠት። ባክቴሪያው ከደሙ ጋር ከረጢት ይገባል፤ አንዳንዱ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል።

«የራሱ ነው» ብሎ ማጣራትን መተው። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ደሙ የራስዎ ቢሆንም የተሰቀለው ከረጢት የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ዋርድ እስከ አባት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች መተኛታቸው ብርቅ አይደለም። የአያት ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የደም ዓይነትና የተቀዳበት ቀን ከረጢቱ ላይ ይጻፉ፤ ሁለት ባለሙያዎች አልጋው አጠገብ ከእጅ አምባሩ ጋር ጮክ ብለው ያመሳክሯቸው።

ከረጢቱን በረዶ ላይ ማስቀመጥ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር። ሁለቱም ቀይ ሴሎችን ያፈነዳሉ። ደሙን መስጠት ከፍሪጅ በወጣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይጀመር፣ በ4 ሰዓት ውስጥ ይለቅ። በዚያው መስመር ሪንገር ላክቴት የተባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አይግባ፤ ካልሲየሙ ደሙን ያረጋዋል።