ከግንፍሌ ቴራስ ላይ ዩሮፓን ለልጆች ማሳየት

የፎቃችን ልጆች «ጋሼ፣ ሌላ ፕላኔት ላይ ሰው አለ?» ሲሉኝ፣ ሰው እንኳ እጠራጠራለሁ፤ ሕይወት ሊኖርበት የሚችል ቦታ ግን ኑ ላሳያችሁ እላለሁ። ቦታው ዩሮፓ ነው፣ ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ። ማንም ሊያሳያት ይችላል።

የሚያስፈልገው ባይናኩላር ነው። 10×50 የተጻፈበት (አሥር እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር) ይበቃል። ሻጩ «መቶ እጥፍ ያቀርባል» ካላችሁ ጥላችሁት ሂዱ፤ ያን ያህል የሚያጎላ ነገር በእጅ ተይዞ ከመንቀጥቀጥ በቀር የሚያሳየው የለም።

ክረምቱን እርሱት፣ ደመና ነው። በእኛ 2019 የካቲት መጀመሪያ ጁፒተር ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ይወጣል፤ ሌሊቱን ሙሉ አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም የቴራሱን ቁልፍ ከጥበቃው ተቀበሉ (ጎረቤት ቀድሞ ይወቅ፣ አለዚያ «ሌባ!» ይባላል)፣ ልጆቹን ከጫፍ አርቁ፣ ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ፣ ከግንፍሌ ከሆነ ወደ መገናኛ፣ አዙሩ። ደምቆ የሚበራው፣ ብልጭ ድርግም የማይለው እሱ ነው። የከተማው መብራት አይሸፍነውም። መብራት ከጠፋማ ሰርግና ምላሽ ነው።

ክርናችሁን ሮቶው ላይ አስደግፉ። መጀመሪያ ሁሉም ይዘላል፤ ትንፋሽ ያዝ ሲደረግ ግን ከትንሿ ክብ ግራና ቀኝ በአንድ መስመር የቆሙ ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው እነዚሁኑ አራቱን ነው። የትኛዋ ዩሮፓ እንደሆነች ስቴላሪየም የሚባለው አፕ ይነግራችኋል። ጁፒተርን በ3 ቀን ተኩል ስለምትዞረው ዛሬ ተጠግታው ብርሃኑ ከዋጣት ነገ ሞክሩ።

ወሬው የሚጥመው ከዚህ በኋላ ነው። ዩሮፓ ከእኛ ጨረቃ ትንሽ ታንሳለች፤ ላይዋ በረዶ ነው። ከበረዶው ሥር ግን ከምድር ውቅያኖሶች ሁሉ እጥፍ የሚሆን ጨዋማ ውሃ እንዳለ ሳይንቲስቶች ይገምታሉ። ውሃው ለምን አልቀዘቀዘም? ጁፒተር በስበቱ እንደ ሊጥ ያሻታል፤ መታሸቱ ሙቀት ይፈጥራል። አንዱ ነገረኛ ልጅ «ፀሐይ ሳያገኝ ምን ይኖራል?» ማለቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1977 በራሳችን ውቅያኖስ ወለል ላይ፣ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ፣ ከፍል ውሃ በሚወጣ ኬሚካል የሚተዳደሩ ፍጥረታት ተገኝተዋል በሉት።

ዩሮፓ ክሊፐር የምትባል መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ተነሥታ እየሄደች ነው፤ በ2030 ትደርሳለች። የምትመረምረው ቦታው ለሕይወት ይመች እንደሆነ ነው እንጂ ሕይወትን አይደለም። ይህን አጥብቃችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ ያን ጊዜ የዓሣ ፎቶ አምጡ ብለው ያፋጥጧችኋል።