ከጎረቤት አገር ጋር የነፃ ንግድ ስምምነት ድርድር እንዴት ይካሄዳል

ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በአንጎለላ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሀሪስ ጋር በኅዳር 1834 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር። ውሉ ማኅተም ቢያርፍበትም በተግባር የረባ ንግድ አላስከተለም፤ የአሊዩ አምባ ገበያ ግን በሐረር፣ በአርጎባና በአፋር ነጋዴዎች እንደ ልማዱ ደምቆ ቀጠለ። ይህ ጽሑፍ ጎረቤት አገሮች የሚፈራረሙት የንግድ ስምምነት ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር ድርድሩ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚመራ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ የነገሩን ምንነት መለየት ያስፈልጋል። በነፃ ንግድ ስምምነት ሁለቱ አገሮች እርስ በርስ የሚያስከፍሉትን ቀረጥ ያነሳሉ፤ ከሦስተኛ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ታሪፍ እንደያዙ ይቆያሉ። በውጭ ላይ አንድ የጋራ ታሪፍ ካቆሙ ስሙ የጉምሩክ ኅብረት ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም፣ የድርድሩ አስቸጋሪ ክፍል ሁሉ የሚመነጨው ከእሱ እንደሆነ በኋላ እናያለን።

የመጀመሪያው ሥራ ከጎረቤት ጋር ሳይሆን ከራስ ወገን ጋር መነጋገር ነው። በግ ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ገበያ የሚወጣ የመንዝ ገበሬ ከቤቱ ሳይነሳ የመጨረሻ ዋጋውን ያውቃል፤ ተደራዳሪም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ ዕቃዎቹ በዓለም አቀፉ የታሪፍ ቁጥር አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። የሸዋ ሮቢት አካባቢ ማሾ በ0713.31፣ ብርድ ልብስ በ6301፣ የቢራ ብቅል በ1107፣ የቁም በግ በ0104 ሥር ይገኛሉ። ቀጥሎም ዝርዝሩ በሦስት ይከፈላል፦ ጎረቤት ገበያውን እንዲከፍትልን የምንፈልገው፣ እኛ ለመክፈት የምንፈራው፣ ቢከፈትም ባይከፈትም ብዙ የማያሳስበን። ማሾ ያለ ክርክር ከመጀመሪያው ክፍል ይገባል። ብቅል ግን ያከራክራል፤ የደጋው ገብስ አምራች ከውጭ በሚገባ ብቅል ዋጋው እንዳይወድቅበት ሲሰጋ፣ ቢራ ጠማቂው በርካሽ ማግኘቱን ይወዳል። ይህ ክርክር በአገር ቤት አልቆ ካልተወሰነ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ በሌላው ወገን ፊት ይፈነዳል፤ ከዚያ የሚከፋ አቀራረብ ደግሞ የለም። ገንዘብ ሚኒስቴርም ከእያንዳንዱ የታሪፍ መስመር (በዝርዝሩ ላይ የራሱ ቁጥር ካለው የዕቃ ዓይነት) የሚቀርበትን የቀረጥ ገቢ አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ሁለተኛው እርምጃ ከዚህ በፊት የተገቡ ግዴታዎችን ማየት ነው። የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ነፃ የንግድ ቀጣና በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ሲጀመር ጂቡቲ፣ ኬንያና ሱዳን ከመሥራቾቹ መካከል ሲሆኑ ኢትዮጵያ ግን አልገባችም። በዚሁ አቆጣጠር በ2018 በኪጋሊ የተፈረመው የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ደግሞ 90 በመቶ የሚሆኑ የታሪፍ መስመሮች ነፃ እንዲሆኑ፣ 7 በመቶው ጥንቃቄ የሚሹ ተብለው ረዘም ያለ ጊዜ እንዲሰጣቸው፣ 3 በመቶው ከነጭራሹ እንዲገለሉ ይፈቅዳል። በሁለት ጎረቤቶች መካከል የሚደረግ አዲስ ድርድር ይህንን እንደ ወለል ይዞ ከዚያ በላይ ምን እንደሚጨምር መናገር አለበት፤ አለበለዚያ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ከዚያ ሁለቱ ወገኖች የድርድሩን ሥርዓት ይስማማሉ፤ ማን እንደሚመራ፣ የትኛው ቋንቋ ገዢ እንደሚሆን፣ የትኛው ረቂቅ መነሻ እንደሚሆን፣ አንድ ምዕራፍ ብቻውን ቀድሞ ይጸና እንደሆነና እንዳልሆነ። ይህ በአንድ ስብሰባ ሊያልቅ የሚችል ነው።

ወደ ታሪፍ ቅነሳው ሲገባ የመነሻው ምጣኔ በተወሰነ ቀን ሥራ ላይ የነበረው ታሪፍ እንደሆነ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም ድርድር እንዳለ ያወቀ አገር አስቀድሞ ቀረጡን ከፍ አድርጎ በኋላ «ቀነስኩ» ሊል ይችላል። 30 በመቶ የነበረ ቀረጥ በአምስት ዓመት በእኩል ደረጃ ሲቀነስ 24፣ 18፣ 12፣ 6 እያለ ዜሮ ይደርሳል። ሌላው ወገን ዋናውን ቅናሽ ወደ መጨረሻው ዓመት ገፍቶ ቢያቀርብ የጊዜው ርዝመት አንድ ቢሆንም ጥቅሙ አንድ አይደለም።

አብዛኛው ሰው ድርድሩ ስለ ቀረጥ ይመስለዋል። በእኔ ግምት ግን ዋናው ፍልሚያ የስሪት አገር ደንብ፣ ማለትም አንድ ዕቃ የየት አገር ምርት እንደሆነ የሚወስነው ደንብ ላይ ነው። ሁለቱ አገሮች በሦስተኛ አገር ላይ የተለያየ ታሪፍ ስላላቸው፣ ከሩቅ የመጣ ዕቃ ዝቅተኛ ቀረጥ ባለው አገር ገብቶ «የጎረቤት ምርት» ተብሎ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ደንቡ ይከላከላል። ከመንዝ በግ ጠጉር የተፈተለና የተሠራ ባና፣ እንዲሁም በቀወት ማሳ የበቀለ ማሾ፣ ሙሉ በሙሉ በአገር ውስጥ የተገኘ ስለሆነ ችግር የለበትም። ክሩን ከውጭ አስመጥቶ ብርድ ልብስ የሚሠራ ፋብሪካ ግን እንደ ደንቡ አጻጻፍ ሊያልፍም ሊወድቅም ይችላል። ደንቡ «የታሪፍ ምዕራፉ (የታሪፍ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሃዝ) ይለወጥ» ካለ፣ ክር ወደ ብርድ ልብስ ሲለወጥ ምዕራፉም ይለወጣልና ያልፋል። «35 በመቶ እሴት በአገር ውስጥ ይጨመር» ካለ ግን ሒሳብ ይመጣል፤ ይህም በኮሜሳ ደንብ ውስጥ ካሉት አማራጮች አንዱ ነው። የፋብሪካ ወጪው 1,000 ብር ከሆነና ከዚህ ውስጥ የውጭ ግብዓቱ 550 ብር ከያዘ የተጨመረው እሴት 45 በመቶ ነው፤ የውጭ ግብዓቱ 700 ብር ሲደርስ ግን 30 በመቶ ብቻ ይቀራል፣ ብርድ ልብሱም ቀረጥ ይከፍላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ እንደታየው የብር ዋጋ ሲወርድ የውጭው ግብዓት በብር ሲሰላ ስለሚወደድ፣ ፋብሪካው አንድም ነገር ሳይለውጥ ከደንቡ ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተደራዳሪው ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት አማራጭ ደንብ እንዲቀመጥና አምራቹ የሚያመቸውን እንዲመርጥ ቢጠይቅ ይሻላል።

ቀጥሎ ቀረጥ ያልሆኑ መሰናክሎች ይመጣሉ፦ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ የጥራት ደረጃ፣ የኬላ ብዛት፣ የጭነት መኪና ፈቃድ። በሞያሌ በኩል የኢትዮጵያና የኬንያ ሠራተኞች በአንድ ጣቢያ ዕቃ እንዲፈትሹ የተደረገው ይህን ለማቃለል ነው። ከሁሉ የሚረሳው ግን የክፍያ ጉዳይ ነው። ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ሥራ ላይ ስታውል፣ ኢትዮጵያ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለሻጩ በሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) እና በውጭ ምንዛሪ እንዲካሄድ ወሰነች፤ በብር ሲካሄድ የቆየው የድንበር ንግድም ክፉኛ ተናጋ። ቀረጥ ዜሮ ሆኖ ዶላር ከሌለ ዕቃ አይንቀሳቀስም። ለአነስተኛ ነጋዴዎች ደግሞ ኮሜሳ እስከ 2,000 ዶላር ለሚደርስ ጭነት እንዳዘጋጀው ያለ ቀለል ያለ ሥርዓት መጠየቅ ተገቢ ነው።

የገቢ ዕቃ በድንገት ሲጎርፍ ቀረጥን ለጊዜው ለመመለስ የሚያስችል አንቀጽ፣ የክርክር መፍቻ ሥርዓትና የጋራ ኮሚቴ በአጭሩም ቢሆን መካተት አለባቸው።

ረቂቁ ሲያልቅ የሕግ ባለሙያዎች ቃል በቃል ያጠሩታል፣ ሚኒስትሮች ይፈርማሉ። በኢትዮጵያ በኩል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(12) መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቀዋል፤ የጸደቀ ስምምነትም በአንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራ የጉምሩክ ኮሚሽን ነው፤ አዲሱ ታሪፍ በጋላፊና በሞያሌ የድንበር ጣቢያዎች ኮምፒውተሮች ላይ መጫን፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት የሚሰጡ ሹማምንት የፊርማና የማኅተም ናሙናም ለሌላው አገር ጉምሩክ መላክ አለበት። ናሙናው ካልደረሰ የድንበሩ ሠራተኛ የማሾውን ምስክር ወረቀት አይቀበልም፤ ነጋዴውም ስምምነቱ እንዳልተፈረመ ሁሉ ሙሉውን ቀረጥ ከፍሎ ያልፋል።