ከሰፈር ሳይርቁ ኮከብ ለማየት፦ ቦታ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከከተማ ዳር የሚኖር ሰው ኮከብ ማየት ሲያምረው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ሩቅ መሄድ ነው። መኪና ይፈለጋል፣ ጊዜ ይፈለጋል፣ አብሮ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። ከዚያ ነገሩ ለሌላ ጊዜ ይባላል፤ ሌላው ጊዜም አይመጣም። እኔ ጥሩ ቦታ የምለው ካርታ ላይ ከሁሉ የጨለመውን አይደለም። ማታ ከሥራ በኋላ ሄደው፣ አንድ ሁለት ሰዓት ሰማይ አይተው፣ ነገ በጊዜ መነሳት የሚያስችልዎትን ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከአብዛኛው ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። እንዳናገኘው የሚያደርጉን የሚከተሉት ስህተቶች ናቸው።

ሁለቱን ዓይነት ብርሃን አለመለየት

ዋናው ይሄ ነው። ከቀሩት ስህተቶች ብዙዎቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ኮከብ የሚጋርድብን ብርሃን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቀጥታ ዓይናችን ውስጥ ይገባል፦ የመንገድ መብራት፣ የጎረቤት በረንዳ አምፖል፣ የሚያልፍ መኪና። ሁለተኛው ከመላው ከተማ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከአየሩና አየር ላይ ካለው አቧራና እርጥበት ጋር እየተጋጨ ሰማዩን ያገረጣዋል። ከሁለተኛው ለማምለጥ መራቅ ግድ ይላል። ከመጀመሪያው ለማምለጥ ግን አንድ ግድግዳ ይበቃል።

በዳር ሰፈር ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። አንድ ሜዳ ላይ ቆመው «እዚህ ምንም አይታይም» ከማለትዎ በፊት ዙሪያዎን ይዩ። ካሉበት ቦታ ስንት አምፖል በቀጥታ ይታያል? ደማቁን በመዳፍዎ ይከልሉትና ቀና ይበሉ። በሌላው እጅዎ ሁለተኛውን ይጨምሩ። ሁለት መብራት በመከለል ብቻ የሚመጣው ለውጥ ይገርምዎታል። ከዚያ የሚቀረው መዳፍዎን የሚተካ ነገር መፈለግ ነው፤ ወፍራም የዛፍ ግንድ፣ የግንብ አጥር፣ የመጋዘን ጥግ። አንዳንዴ አምስት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ማለት ረጅም መንገድ ከመንዳት ያድናል።

ቀላል መፈተኛም አለ። ጨረቃ በሌለበት ማታ ነጭ ወረቀት መሬት ላይ ያንጥፉና እጅዎን ከላዩ ይዘርጉ። ቅርጹ የለየለት የእጅ ጥላ ወረቀቱ ላይ ካረፈ፣ በቀጥታ የሚያገኝዎት መብራት አለ ማለት ነው። ጥላው የወደቀበትን አቅጣጫ ይዩ፤ መብራቱ በተቃራኒው በኩል ነው። ጥላው እስኪደበዝዝ ድረስ ቦታ ይቀይሩ።

ካርታውን እንዳለ ማመን

የብርሃን ብክለት ካርታ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ ለመነሻ በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ሰማዩን በቦርትል ደረጃ ያስቀምጡታል። ይህ ጆን ቦርትል የተባለ አሜሪካዊ የሰማይ ተመልካች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው መለኪያ ሲሆን ከ1 እስከ 9 ይሄዳል። 1 ማለት የሰው ብርሃን ያልደረሰበት ሰማይ ነው፤ 9 የመሐል ከተማ ሰማይ ነው። ዳር ሰፈሮች አብዛኛውን ጊዜ 5 እና 6 አካባቢ ይገኛሉ።

ችግሩ ካርታው ከላይ የታየ መሆኑ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ካርታዎች መረጃ ከሚሰጡት አንዷ እ.ኤ.አ. በ2011 የመጠቀችው ሱዎሚ ኤንፒፒ ሳተላይት ናት። የምታልፈው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። አመሻሽ ላይ ቦግ ብሎ የነበረው የኳስ ሜዳ መብራት ያኔ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። መሣሪያዋ ሰማያዊ ብርሃንን በቅጡ አይዝም፤ ነጭ የኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ ሰማያዊ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ መብራቱን ወደ ኤልኢዲ የቀየረ ሰፈር ከእውነቱ የጨለመ መስሎ ሊታይ ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ እርስዎ ከሚቆሙበት ሃያ ሜትር ላይ በር ላይ የተሰቀለችው አምፖል ካርታ ላይ የለችም። ካርታው ወዴት አካባቢ እንደሚሄዱ ይጠቁምዎታል። የት ጋ እንደሚቆሙ የሚያውቁት ሄደው ሲያዩ ብቻ ነው።

ርቀቱን ቆጥሮ አቅጣጫውን መርሳት

መራቅ ይጠቅማል፤ ያውም ብዙ። መርል ዎከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባደረገው ልኬት መሠረት፣ ከአንድ ከተማ ያለዎት ርቀት እጥፍ ሲሆን ከዚያ ከተማ የሚመጣው የሰማይ ፍካት ከአምስት እጥፍ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከ10 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ማለፍ ትልቅ ነገር ነው።

ግን ወዴት ነው የሚርቁት? ከተማው ከሩቅም ቢሆን በአንድ በኩል ሰማዩን ያነጣዋል። የሚፈልጉት ነገር በዚያ በኩል ከዋለ የሄዱበት መንገድ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ ከዚያ ከተማው ከጀርባዎ የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጉ። ለምሳሌ የፍኖተ ሐሊብ (የእኛ ጋላክሲ፣ ሚልኪ ዌይ) ደማቁ ክፍል በሳጂታሪየስ ኅብረ ኮከብ በኩል ነው። ከምድር ወገብ ርቀው በሰሜን ለሚኖሩ ሰዎች የሚታየው ወደ ደቡብ፣ ያውም ዝቅ ብሎ ነው። እነሱ ከከተማው ወደ ደቡብ ቢወጡ ይሻላቸዋል፤ በሰሜን በኩል ቢወጡ ግን በከተማው ብርሃን አሻግረው ሊያዩት ነው። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ለሚኖሩ ደግሞ ወደ አናት ስለሚጠጋ ነገሩ ይቀልላል። አንዱን ከተማ ሲሸሹ የሌላው ከተማ ብርሃን ፊት ለፊት እንዳይገጥምዎትም ልብ ይበሉ።

ከፍ ያለ ቦታ ሁሉ ጥሩ ይመስላል

የኮረብታ አናት ያጓጓል። ነገር ግን ከአናቱ ሆነው ከተማውን በሙሉ የሚያዩ ከሆነ፣ የከተማው መብራትም በሙሉ እርስዎን ያገኝዎታል። ነፋሱም አለ፤ የቴሌስኮፕ ማቆሚያ ያንቀጠቅጣል፣ ሰውንም ቶሎ ያባርራል። ሸለቆውም መፍትሔ አይሆንም። ቀዝቃዛ አየር ማታ ማታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጭጋግና ጤዛ የሚበዛው እዚያ ነው፤ መነጽርዎ በአጭር ጊዜ ይሸፈናል። የውኃ ዳርም እንዲሁ እርጥበት አለበት።

እኔ የምመርጠው የኮረብታውን ጀርባ፣ ከከተማው የተሰወረውን ተዳፋት ነው፤ ከአናቱ ትንሽ ዝቅ፣ ከሸለቆው ከፍ ብሎ። ኮረብታው ራሱ መጋረጃ ይሆንልዎታል።

ከአድማስ እስከ አድማስ ክፍት ሜዳ መፈለግ

ብዙ ሰው ዛፍ አለበት ብሎ ጥሩ ቦታ ይጥላል። አድማስ አጠገብ ያለው ሰማይ ግን ብዙም የሚጠቅም አይደለም። ከአናትዎ በላይ ያለ ኮከብ ብርሃኑ አንድ የአየር ንጣፍ ያቋርጣል እንበል። ኮከቡ ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ሲሆን ሁለት እጥፍ አየር ያቋርጣል፤ አድማስ ላይ ሲደርስ ወደ 40 እጥፍ ይጠጋል። የከተማ ፍካትም የሚጠራቀመው እዚያው ታች ነው።

ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው ጡጫዎን ቢያዩ ስፋቱ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአድማስ ጀምረው ሁለት ጡጫ ወደ ላይ ይደራርቡ። ዛፉ ወይም ጣሪያው ከዚያ በታች ከሆነ የሚያጡት ጥቂት ነው። እንዲያውም ያ ዛፍ የመንገድ መብራቱን እየከለለልዎት ሊሆን ይችላል። ልዩ የሚሆነው ሜርኩሪን፣ ገና የታየች ቀጭን ጨረቃን ወይም ፀሐይ አጠገብ ያለ ጅራታም ኮከብ ሲፈልጉ ነው። ያኔ ክፍት አድማስ ይፈልጉ፤ ለእነሱ ሌላ ቦታ መያዝም ነውር የለውም።

በጨረቃ ማታ ሄዶ ቦታውን መውቀስ

ሙሉ ጨረቃ የገጠሩንም ሰማይ የዳር ሰፈር ሰማይ ታስመስለዋለች። ጨረቃ በአማካይ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች። ስለዚህ ከሙሉ ጨረቃ አራት አምስት ቀን ካለፈ በኋላ የመጀመሪያዎቹ የማታ ሰዓታት ጨለማ ይሆናሉ። ከዚያ አዲስ ጨረቃ እስክትታይና ጥቂት ቀን እስክትቆይ ድረስ ያለው ጊዜ የእርስዎ ነው።

ፀሐይ ጠለቀች ማለትም ጨለመ ማለት አይደለም። ሰማዩ ሙሉ በሙሉ የሚጨልመው ፀሐይ ከአድማስ 18 ዲግሪ ስትወርድ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ይህ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ወደ ዋልታዎቹ በቀረቡ አገሮች ግን ቀኑ በሚረዝምበት ወቅት ሌሊቱን ሙሉ ላይጨልም ይችላል።

መኪና ማቆሚያው ላይ መቅረት

ዓይን ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንድ መኪና የፊት መብራቱን አብርቶ ሲገባ ያ ሁሉ ትዕግሥት ይባክናል፤ እንደገና ከዜሮ ነው። ስለዚህ ማቆሚያው ምቹ ቢሆንም ትንሽ በእግር ገባ ይበሉ። የራስዎን መኪና የውስጥ መብራት አስቀድመው ያጥፉ። ስልክዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩ። ባትሪ ካስፈለገ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሁን፤ በጨለማ የሚያዩትን የዓይን ሕዋሳት ብዙም አይረብሽም። ቴሌስኮፕ ካለዎት ደግሞ አስፋልትና ሲሚንቶ ላይ አይትከሉ። ቀን የጠጡትን ሙቀት ማታ ሲለቁት ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ሣር ይሻላል።

ቦታውን ለመጀመሪያ ጊዜ በጨለማ ማየት

ይህ የደህንነት ጉዳይ ነው፤ ቀልድ የለውም። መጀመሪያ በቀን ይሂዱ። በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? መሬቱ የማን ነው? ባለቤት ካለው ያስፈቅዱ። ጉድጓድ፣ ሽቦ፣ ውሻ አለ? ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ መብራት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል? የስልክ ኔትወርክስ ይሠራል? ማታ ሲሄዱ ብቻዎን አይሂዱ፤ ወዴት እንደሄዱና መቼ እንደሚመለሱም ለአንድ ሰው ይንገሩ። ልብዎ እየፈራ ሰማይ ማየት አይሆንም። ያላማረዎት ቦታ ምንም ያህል ቢጨልም ይለፉት።

ለሁሉም ነገር መንገድ መጀመር

ጨረቃን፣ ፕላኔቶችንና ጥንድ ከዋክብትን ለማየት ከግቢዎ መውጣት አያስፈልግዎትም። ብሩህ ስለሆኑ የከተማ ፍካት ብዙም አይጎዳቸውም። የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች በተራ ባይኖኩላር፣ ክንድዎን አንድ ነገር ላይ አስደግፈው፣ ከበረንዳ ሊያዩ ይችላሉ። የተመረጠውን ጨለማ ቦታ ለደብዛዞቹ ያቆዩት፦ ለፍኖተ ሐሊብ፣ ኔቡላ ለሚባሉት የጋዝና የአቧራ ደመናዎች፣ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ለሚርቀው አንድሮሜዳ ጋላክሲ።

በአንድ ማታ መፍረድ

ያው ቦታ ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። አየሩ አቧራ ወይም እርጥበት ከያዘ የከተማው ብርሃን ይባዛል፤ ዝናብ አጥቦት ሲጠራ ሰማዩ ሌላ ይሆናል። ቀን ላይ መገመት ይቻላል። ፀሐይዋን በቀጥታ ሳያዩ በጣሪያ ጠርዝ ይከልሏትና ዙሪያዋን ይመልከቱ። ሰማዩ እስከ አጠገቧ ድረስ ሰማያዊ ከሆነ ማታው ጥሩ ነው፤ ሰፊ ነጭ ጉም መሳይ ነገር ከከበባት አየሩ ንጹሕ አይደለም።

ሁለት ቦታ ለማወዳደር ደግሞ ቁጥር ይጠቀሙ። ኦሪዮን የተባለው ኅብረ ኮከብ በሚታይበት ወቅት አራቱን የማዕዘን ከዋክብት ያግኙ፤ በመካከላቸው በዓይንዎ የሚለዩዋቸውን ከዋክብት፣ ቀበቶ የሚባሉትን በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ከዋክብት ጨምረው ይቁጠሩ። ዓይንዎ ጨለማውን ከለመደ በኋላ ይሁን፤ ኦሪዮንም ከፍ ያለ ይሁን። ቁጥሩን ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከአየሩ ሁኔታ ጋር ማስታወሻ ላይ ያስፍሩ። በሌላኛው ቦታ፣ ጨረቃ በሌለበትና ተመሳሳይ አየር ባለበት ማታ፣ ያንኑ ይድገሙ። ብዙ የቆጠሩበትን ይያዙ፤ ልዩነቱ አንድ ሁለት ኮከብ ብቻ ከሆነ ግን ለቤትዎ የሚቀርበውን ይምረጡ።