የ1984ቱን የሪሞት መኪና ከኦሪጅናል መለዋወጫ እንዴት እንገጣጥም?

እ.ኤ.አ. በ1984 የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ ግራስሆፐር እና ሆርኔት የተባሉ ሁለት በባትሪ የሚሄዱ መኪኖችን አወጣ። ሁለቱም በ1፡10 መጠን የተሠሩ ናቸው፤ የሚነዳቸው የኋላ እግራቸው ብቻ ነው፤ ሻንሲያቸውም እንደ ገንዳ የጎደጎደ ፕላስቲክ ነው። ብዙ ክፍላቸው ስለሚመሳሰል የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው ይሆናል። ከቁርጥራጭ ለሚጀምር ሰው የሚመቹትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ የዚህን መኪና መለዋወጫ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ አትዙሩ። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ካልሆነ አይገኝም። የቀረው ግን ሁሉም ከተማው ውስጥ አለ፦ ሽቦና ፊውዝ ከባጃጅ ኤሌክትሪሺያን፣ ካፓሲተርና ሶልደር ከሬዲዮና ስልክ ጠጋኝ፣ ዳዶና ሮንዴላ ከብስክሌት ሠሪ። ስለዚህ የዘመድን ኪሎ እዚህ በማይገኘው ብቻ ሙሉት።

ኦሪጅናል መሆን ያለበት የቱ ነው?

ሻንሲው፣ የጥርስ ቤቱ፣ የፊት እግር ክንዶቹ፣ ቸርኬዎቹና ቦዲው ኦሪጅናል ይሁኑ። ኩሽኔት፣ ሽቦና ባትሪ ላይ ግን ኦሪጅናል ማሳደድ ገንዘብ መጣል ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ የማንም ባትሪ ቻርጅ አይዝም። ያረጀ ጎማም ተሰነጣጥቆ ይደርሳል። ለመደርደሪያ ከሆነ ያምራል፣ ለመንዳት ግን አዲስ ይሻላል።

ሆርኔት እ.ኤ.አ. በ2004፣ ግራስሆፐር ደግሞ በ2005 በድጋሚ ወጥተዋል። ስለዚህ ፕላስቲኩ ላይ 1984 የሚል ጽሑፍ ማየት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጽሑፉ በድጋሚ በወጣውም ላይ ሊኖር ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ የቪቴ ቀዳዳዎቹን ዙሪያ በቅርብ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ጠይቁ። ቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ጭረት ካለ ፕላስቲኩ ደክሟል፤ ሁለተኛ ስታጠብቁት ይሰነጠቃል። የሆርኔት ቦዲ ስስ ፖሊካርቦኔት ስለሆነ ሲያረጅ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። የግራስሆፐሩ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ለመጠገንም ይቀላል።

ማጠብና መጠገን

ፕላስቲኩን በለብ ያለ ውኃ፣ በፈሳሽ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ቤንዚን አታስነኩት፤ ኤቢኤስ ፕላስቲክን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ደግሞ ከነጭራሹ ያቀልጠዋል። ይኸው የማቅለጥ ባሕርይ ለጥገና ይጠቅማል፦ ከማይፈለግ የኤቢኤስ ስባሪ ትንሽ ከትፋችሁ አሴቶን ውስጥ ብታሟሙት እንደ ማር የወፈረ ሙጫ ይወጣዋል። ስንጥቁ ውስጥ ቀብታችሁ አንድ ቀን ሙሉ ጥላ ውስጥ አቆዩት። ሱፐር ግሉ ይፈጥናል እንጂ በመጀመሪያው ግጭት መልሶ ይለቃል። የጥርሶቹ ፕላስቲክ ሌላ ዓይነት ስለሆነ በሁለቱም አይያዝም፤ የተሰበረ ጥርስ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

ቪቴዎቹ የጃፓን መስቀል ናቸው፤ የተለመደው ባለ መስቀል ካቻቢቴ ጫፉ ስለሚሾል ሥራቸው ድረስ አይገባም፣ እየተንሸራተተም ራሳቸውን ይበላቸዋል። ቁጥር 2 ካቻቢቴ ወስዳችሁ ጫፉን በሞረድ ትንሽ ብትደለድሉት ይስማማል። ቪቴ ወደ አሮጌ ቀዳዳ ስትመልሱ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሩት፤ ‹ቀጭ› ብሎ አሮጌው መንገድ ውስጥ ሲወድቅ ያኔ ወደ ቀኝ አጥብቁ። ይህን የዘለለ ሰው በየጊዜው አዲስ መንገድ እየቆረጠ በሦስተኛው መፍታት ቀዳዳውን ባዶ ያደርገዋል።

የጥርስ ቤትና ሞተር

የጥርሶቹን አሮጌ ግራሶ በነጭ ጋዝ አውጡ፣ በሳሙና አጥባችሁም አድርቁ። ጫፋቸው እንደ መርፌ የሾለ ከሆነ አልቀዋል። ከፕላስቲኩ ቡሽ ይልቅ ውስጡ 5 ሚሊ፣ ውጩ 11 ሚሊ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ የሆነ በጎማ የተሸፈነ ኩሽኔት አስገቡ፤ ለአቧራችን ሽፋኑ ግዴታ ነው። ግራሶ ጥርሱን እርጥብ የሚያደርግ ያህል ይበቃል፤ የጥርስ ቤቱን መሙላት ሞተሩን ከማድከም በቀር አይጠቅምም። ቪቴዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቃችሁ አክስሉን በጣት አሥር ጊዜ አዙሩ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ከያዘ ጥርሱ ላይ ቆሻሻ አለ ወይም ኩሽኔቱ በትክክል አልተቀመጠም፤ ‹ሲሮጥ ይለቃል› ብላችሁ አትዝጉት።

ግራስሆፐር 380 ከሚባለው አነስ ያለ ሞተር፣ ሆርኔት 540 ከሚባለው ተለቅ ያለ ሞተር ጋር ነው የወጡት። የ380 ዘንግ 2.3 ሚሊ፣ የ540ው ደግሞ 3.17 ሚሊ ስለሆነ የአንዱ ፒኒየን (ሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገባው ትንሽ ጥርስ) ለሌላው አይገባም። ሞተሩን የሚይዙት ቪቴዎች ለ380 2.5 ሚሊ፣ ለ540 3 ሚሊ ናቸው። ርዝመታቸውን ለኩ፤ ረጅም ቪቴ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ መጠምጠሚያውን ይቆርጣል፣ ያን ጊዜ ሞተሩ አለቀ። ፒኒየኑ የብረት ይሁን፤ አሉሚኒየሙ በአቧራ ቶሎ ይበላል። በሁለቱም የዘንግ ጫፍ የስፌት መኪና ዘይት አንዳንድ ጠብታ አድርጉና ሞተሩን ብቻውን በሁለት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ (3 ቮልት) ለአምስት ደቂቃ አሽከርክሩት።

ከዚያ ካፓሲተር። 104 የሚል የተጻፈባቸው ሦስት የሴራሚክ ካፓሲተሮች ያስፈልጋሉ፦ አንዱ በሁለቱ ተርሚናሎች መካከል፣ ሁለቱ ከየተርሚናሉ ወደ ሞተሩ ቆርቆሮ። ቆርቆሮውን መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ካልፋቃችሁት ሶልደር አይይዘውም። እነዚህ ከሌሉ የሞተሩ ብልጭታ ሪሲቨሩን (መኪናው ላይ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን) ያሳብደዋል።

የፍጥነት መቆጣጠሪያው

አብዛኛው መኪና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የያኔው መቆጣጠሪያ ኤሌክትሮኒክስ የለውም፤ ሰርቮ (በሪሞቱ ትእዛዝ ክንድ የሚያዞር ትንሽ ሞተር) አንድ የመዳብ ጣት እየገፋ ከአንዱ መገናኛ ወደ ሌላው ያንሸራትታል። በዝግታ ስትነዱ ትርፉ ኃይል በሬዚስተር በኩል አልፎ ሙቀት ይሆናል። ሙሉ ስትሰጡት ሬዚስተሩ ይታለፋል። ስለዚህ ሬዚስተሩን የሚያቃጥለው ፍጥነት ሳይሆን ረጅም የዝግታ ጉዞ ነው። ልጆች በቀስታ እንዲነዱ መምከር ለመኪናው መልካም ይመስላል፣ ለሬዚስተሩ ግን ተቃራኒው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ የማቀዝቀዝ ጉልበቱም ይቀንሳል፤ ሬዚስተሩን ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ እሰሩት። ሽቦም ሆነ ፕላስቲክ አይንካው።

መገናኛዎቹን በላጲስ ፈትጉ። የተቃጠለ ጥቁር ነጥብ ካለ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፣ ያውም በቀስታ። የመዳቡን ጣት መገናኛውን በደንብ እንዲጫን በፒንሳ ትንሽ ጎበጥ አድርጉት፤ ከላላ ብልጭ እያለ ይቃጠላል፣ ከጠበቀ ሰርቮው ይደክማል።

አሁን ማስተካከሉ፤ ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ። የሞተሩን ሽቦዎች ነቅላችሁ በናስትሮ ሸፍኗቸው። የሪሞቱን ትናንሽ ማስተካከያዎች መሃል አድርጉ። መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ቀጥሎ ሪሲቨሩን አብሩ። ሰርቮው ራሱ መሃሉን ይዞ ይቆማል። የሰርቮውን ክንድ የምትገጥሙት ያኔ ነው፣ ኃይል እንዳለው። ኃይል ሳይኖር በግምት የገጠመ ሰው ‹መኪናው ቆሞ ይሳባል› ይላል። የመዳቡ ጣት ከመሃሉ ባዶ ቦታ ወጥቶ የመጀመሪያውን መገናኛ ነክቷል ማለት ነው፤ መኪናው ባይንቀሳቀስ እንኳ ሬዚስተሩ እየጋለ ነው።

ጣቱ ባዶው ቦታ መሃል ለመሃል መቆሙን በዓይን አረጋግጡ፣ ቴስተር ካላችሁም በቴስተር። ቀጥሎ ማንሻውን እስከ መጨረሻ ወደ ፊት ግፉ። ጣቱ የመጨረሻው መገናኛ ላይ ሙሉ በሙሉ ማረፍ አለበት፤ ግማሹ ከቀረ ሙሉ ፍጥነት ላይ ይቃጠላል። ሰርቮው ‹ዝዝዝ› እያለ ከጮኸ ደግሞ ከሚገባው በላይ እየገፋ ነው፤ ክንዱን ከመዳቡ ጣት ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ በክንዱ ላይ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ አዛውሩት። ወደ ኋላውም እንደዚሁ። በዘንጉ ርዝመት መሃሉን፣ በክንዱ ቀዳዳ የግፊቱን መጠን ታስተካክላላችሁ፤ ሁለቱን ያምታታ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ሲያልቅ የሞተሩን ሽቦ መልሱና ኋለኛው እግር ከመሬት ተነሥቶ ሞክሩ።

ሬዲዮው

የሬዲዮውን ሞገድ የሚወስነው የ27 ሜጋኸርዝ ክሪስታል በጥንድ ነው የሚሠራው፤ የሪሲቨሩ ከሪሞቱ በ455 ኪሎኸርዝ ያንሳል። ለምሳሌ ሪሞቱ 27.145 ከሆነ ሪሲቨሩ 26.690 ነው። አቀያይራችሁ ብትሰኩ አይሠራም። የሪሲቨሩን አንቴና ሽቦ ‹ረዘመ› ብላችሁ አትቁረጡ፣ አትጠቅልሉም። ስታበሩ ሁልጊዜ ሪሞቱ ይቀድማል፣ ስታጠፉ መኪናው ይቀድማል፤ አለዚያ መኪናው በራሱ ፈቃድ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። አሮጌው ሬዲዮ ከሞተ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዘመናዊ ስብስብ መግጠም ነውር አይደለም፤ አሮጌውን ሣጥን ውስጥ አኑሩት።

የመሪ ዘንጎች እኩል ርዝመት ይኑራቸው። ብረት ለብረት ከሚታሰር ብሎን በቀር የቪቴ መቆለፊያ ፈሳሽ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል። ቦዲው በመጨረሻ ይቀባል፣ የሆርኔቱ ከውስጥ በኩል።

ባትሪ

7.2 ቮልት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ይበቃል፦ ስድስት ባለ 1.2 ቮልት ሴል። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) አትሰኩ። ይህ መቆጣጠሪያ ባትሪው ሲደክም የሚያቋርጥ ነገር ስለሌለው ሊፖው ሴል በሴል ከ3 ቮልት ወርዶ ይበላሻል። ከባትሪው ቀጥሎ ባለ 15 አምፔር የመኪና ፊውዝ ለ380 ሞተር ጨምሩ።

ቻርጀራችሁ በሰዓት የሚቆጥር ከሆነ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከዜሮ ሊጀምር ይችላል፤ ሞልቶ የነበረው ባትሪ እንደገና ይሞላና ይግላል። መብራት ሲሄድ ነቅላችሁ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጻፉ። 3000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ በ300 ሚሊአምፔር ቻርጀር ባዶ ከሆነ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይፈልጋል።

የመጀመሪያ ሩጫ

ሪሲቨሩን አብርታችሁ፣ ሞተሩ ሳይሠራ፣ ከዚያም እየሠራ፣ 50 እርምጃ ያህል ራቁና መሪው ሳይንቀጠቀጥ መታዘዙን እዩ። ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ከተንቀጠቀጠ ካፓሲተሮቹን ፈትሹ። ቦታው ጠጠር የሌለበት አስፋልት ወይም ደረቅ ቀይ አፈር ይሁን። ከደንገሉ አጠገብ ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ጎማ ላይ ተለጥፎ ሞተሩን ያንቀዋል። በክረምትም መኪናው እቤት ይቆይ፤ መቆጣጠሪያውም ሪሲቨሩም ውኃ አይችሉም።

ሦስት ደቂቃ ነድታችሁ አቁሙ፣ ሞተሩንም ንኩ። ጣታችሁ አምስት ሰከንድ መቆየት ካልቻለ የሆነ ነገር ይዟል ወይም ፒኒየኑ ትልቅ ነው። ሬዚስተሩን ግን አትንኩት፣ ጤነኛውም ያቃጥላል፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ መልኩን እንዳልቀየረ ብቻ እዩ። ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ባትሪውን ነቅላችሁ የፊት እግሮቹን ፍቱና አሸዋውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ ዘይት ያለበት ቦታ ላይ የቀረ አሸዋ እስከሚቀጥለው እሑድ አክስሉን ይሞርደዋል።