የጠፋ የመኪና መለዋወጫ ስትፈልጉ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው «ይሄ ዕቃ ከገበያ ወጥቷል» የሚለውን መልስ ለምዶታል። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው የሆነ ቦታ አለ፤ አጠያየቃችን ነው የሚያሳጣን።

የመጀመሪያው ስህተት የመኪናውን ስምና ሞዴል ብቻ ይዞ ፍለጋ መውጣት ነው። አንድ ሞዴል ለዓመታት ሲመረት መሃል ላይ ፍሬኑ ወይም ካምቢዮው ይቀየራል። በአንድ ዓመት የተመረቱ ሁለት መኪኖች እንኳ የተለያየ ዕቃ ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ማለትም አምራቹ ለእያንዳንዱ መኪና የሚሰጠውን መለያ ቁጥር፣ ያዙ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተለመደው ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ ኦ የመሰላችሁ ዜሮ ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ግን አጠር ያለ ቁጥር ነው ያላቸው። 17 ካልሞላ አትደናገጡ።

ሁለተኛው አሮጌውን ዕቃ ሳያዩ መጣል ነው። መካኒኩ ፈቶ ሲያወጣው በጨርቅ ጥረጉትና ቁጥሩን ፎቶ አንሱት። የቶዮታን ብንወስድ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ 10 አኃዝ ነው፤ የፊተኞቹ 5 የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። 04465 ብሎ ከጀመረ የፊት ዲስክ ፍሬን ሸራ ነው። ቁጥሩ «የለም» ከተባለም «በምን ቁጥር ተተካ?» ብላችሁ ጠይቁ። አምራቾች ዕቃ ሲያሻሽሉ አሮጌውን ቁጥር በአዲስ ይተኩታል፣ ሻጩ ደግሞ ካልጠየቃችሁት ላይነግራችሁ ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉንም ዕቃ የሚሠራው የመኪናው ፋብሪካ ይመስለዋል። ዴንሶ፣ ቦሽና አይሲን የሚባሉት የዕቃ አምራቾች ለብዙ ዓይነት መኪና ነው የሚሠሩት። ዲናሞው (ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ) ላይ ያለው የዴንሶ ቁጥር ሌላ መኪና ላይ ወዳለው ያው ዲናሞ ሊመራችሁ ይችላል። ኩሽኔታማ (የሚሽከረከር ዕቃ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ብዙ ጊዜ ከመኪና ስም ጋር ጉዳይም የለው። ጠርዙ ላይ 6203 የሚል ካለ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው። 6204 ከሆነ ቀዳዳው 20፣ 6205 ከሆነ 25 ነው፤ ከ04 ጀምሮ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 ማባዛት ብቻ። እንዲህ ያለውን ኩሽኔታ የውኃ ፓምፕ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ጋም ልታገኙት ትችላላችሁ። ከቁጥሩ ኋላ ያሉትን ፊደላትም አመሳስሉ፤ የሽፋኑን ዓይነትና የውስጡን ክፍተት የሚናገሩት እነሱ ናቸው። አንዳንድ የእግር ኩሽኔታ ግን ለዚያው መኪና ብቻ የተሠራ ስለሆነ ይህ ዘዴ አይሠራለትም። ፓራኦሊዮም (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘው ቀለበት) በልኬት ይገዛል፦ የውስጥ፣ የውጭና ውፍረት።

ሙሉውን ዲናሞ ወይም ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ፍለጋ መንከራተትም አለ። ውስጡ ያለቀው ካርቦን ወይም ኩሽኔታ ብቻ ከሆነ እሱን አስቀይሩ።

«ሳይከፈት የቆየ ኦሪጅናል» ሲባል ወዲያው ገንዘብ አታውጡ። ብረት ከሆነና ካልዛገ ችግር የለውም። ጎማ ግን ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ጎሚኒም (በብረቶች መሃል የሚገባው ጎማ) ሆነ የፍሬን ቱቦ አጠፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ስንጥቅ ካሳየ ይቅርባችሁ። ያገለገለ የፍሬን ጎማማ በነፃ ቢሰጠኝም አልወስድም።

የመሪውን ጎን መርሳትም ዋጋ ያስከፍላል። በቀኝ መሪ ከሚነዳ መኪና የወጣ የፊት መብራት ልክክ ብሎ ሊገጥም ይችላል። ማታ ግን ብርሃኑን ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ይለቀዋል።

በመጨረሻ፣ ፎቶ አይቶ ብቻ አለመክፈል። ሁለት የፍሪሲዮን ዲስኮች በፎቶ መንታ ሊመስሉ ይችላሉ፤ መሃል ያለው ቀዳዳ ጥርሱ በአንድ ቢለይ አይገባም። ሻጩ ጥርሱን ቆጥሮ፣ ዲስኩን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።